የድመቷ መርዶ

አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ዘንድ ድመቷ መሞቷን እንዲነግር ተልኮ፣ «ትንሽ አሟት ነው እንጂ ደህና ናት» ብሎ የተመለሰ ሰው አለ ቢሏችሁ አትፍረዱበት። ያ ሰው እኔ ነኝ። ነገሩ ሲወራ ያስቃል፤ እኔም ስጀምረው እየሳቅኩ ነው። መጨረሻው ላይ ግን ሁሌም ድምፄ ስለሚከዳኝ ዘንድሮ ልጻፈውና ይውጣልኝ አልኩ።

ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው። ሜልበርን፣ ብሬብሩክ በሚባለው ሰፈር ከመስፍን ጋር አንድ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። መስፍን ታክሲ ነጂ ነው፤ ጌታን የተቀበለ፣ ውሸት ከአፉ የማይወጣ ሰው። እኔ በበኩሌ ውሸት ባይኖር ኖሮ ምን ይውጠኝ እንደነበር አላውቅም።

አገር ቤት ጤና ረዳት ነበርኩ። ወሎ ውስጥ አንዲት የገጠር ክሊኒክ ውስጥ ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ ልጅ አዋልዳለሁ። በእኛ አገር መርፌ የያዘ ሁሉ ዶክተር ነውና የሰፈሩ ሰው ዶክተር ይለኝ ነበር፤ እኔም አንድም ቀን ተሳስታችኋል ብዬ አላውቅም። በሱዳን በኩል አውስትራሊያ ስገባ ሻንጣ አልነበረኝም፣ ማዕረጌን ግን ይዤ ገባሁ። እዚህ አገር ጤና ረዳት የሚባል ነገር እንደሌለ የነገሩኝ ቀን ዶሮ ፋብሪካ ተቀጠርኩ። ቀኑን ሙሉ በብርድ ክፍል ውስጥ ዶሮ ስበልት እውላለሁ። ጋሼ ይማም ባገኙኝ ቁጥር «ዶክተር፣ ዛሬስ ስንት ታካሚ አየህ?» ይሉኛል። ታካሚዎቼ በሙሉ ላባቸው የተነጨ እንደነበር እሳቸውም ያውቃሉ።

ጋሼ ይማም የደሴ ሰው ናቸው፤ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ይሠራሉ። ሰላታቸውን የማያሳልፉ እስላም ቢሆኑም ክርስቲያኑም ባልና ሚስት ሲጣላ የሚጠራው እሳቸውን ነው። ለሁላችንም አባት ነበሩ።

እናቴ ወልዲያ ነበረች። በወር አንዴ በጎረቤት ሱቅ ስልክ አስጠርቻት እናወራለን። ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ሥራህን ያዝክ ወይ?» ሥራህን ማለቷ የሕክምናውን ነው። «እየያዝኩ ነው» እላታለሁ። ስለ ዶሮው አልነገርኳትም። እንዴት ብዬ? ልጄ ሐኪም ነው ብላ አገር ምድሩን የሞላች ሴት ናት።

ታዲያ አንድ ኮሌጅ በየአገሩ በጤና ሥራ ላይ የነበሩ ስደተኞችን ቃለ መጠይቅ እያደረገ ለነርስነት ትምህርት እንደሚቀበል ሰማሁና አመለከትኩ። ተጠራሁ። ካለፍኩ ነጭ ልብሴን መልሼ እለብሳለሁ፣ እናቴንም ደፍሬ «ያዝኩ» እላታለሁ። ከወደቅኩ ደግሞ ዶሮዬን እበልታለሁ። ነገሩ ይኸው ነበር።

ቀጠሮው ኅዳር ውስጥ ነበር። ከመስቀል በኋላ ባሉት ሳምንታት ሐበሻው በሙሉ አንድ ነገር ሆነ። ድሮ ዞር ብሎ የማያየኝ ሁሉ ቤቴ ይመጣል። አንዷ ዶሮ ወጥ፣ አንዷ ክትፎ ይዛ ትመጣለች፤ ቀኑን ሙሉ ዶሮ ስበልት ውዬ ዶሮውንም ሳልሰለች በላሁት። የመስፍን ቸርች ሰዎች ሳሎናችን ውስጥ ክብ ሠርተው ጸለዩልኝ፤ ሁለቱ ሴቶች እያለቀሱ ነበር የሚጸልዩት። እኔ ደግሞ ፈተናዬ እንዲህ ሕዝቡን ያስጨነቀ መስሎኝ፣ አይዟችሁ አልፈዋለሁ ብዬ አጽናናኋቸው። ከመካከላችን አንድ ሰው ሊነሳ ሲል ሕዝብ ያውቃል ማለት ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

በዚያው ሰሞን ስልካችን ተበላሸ። መስፍን «አይሠራም» አለኝ። «አስጠግነዋ» ስለው የታክሲውን ቁልፍ አንስቶ ይወጣል። ከውጭ ካርድ ገዝቼ ልደውል ስል ደግሞ አንድ ሰው መጥቶ ይዞኝ ይሄዳል፦ ምሳ ብላልን፣ ሶፋ አጋዘን፣ ልጄን ትኩሳት ይዟታልና እያት። አንድ ምሽት መስፍንን በንፉግነቱ አንጓጠጥኩት፤ ለስልክ የምትሳሳ ጴንጤ መንግሥተ ሰማያት አትገባም አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ጋሼ ይማም ከእናቴ ሰፈር ሰው ጋር ማውራታቸውን ስለነገሩኝ ጠየቅኳቸው። «ትንሽ አሟቸው ነበር» አሉኝ። «አሁንስ?» ስላቸው «አሁንማ ምንም አያማቸውም» አሉና ጫማቸውን ማሰር ጀመሩ። ጫማቸው ታስሮ ነበር።

ለቃለ መጠይቁ ከአሮጌ ልብስ ቤት ጥቁር ሙሉ ልብስ ገዛሁ። ጋሼ ይማም ሊያሳጥሩልኝ ሱሪውን ተቀበሉና ለረጅም ጊዜ በእጃቸው ይዘው አዩት። «ይሄንን አሁን አትልበስ» አሉኝ። የራሳቸውን ቡናማ ኮት አጥብበው ሰጡኝ። «ጥቁሩ ይቆይህ፤ ይፈለጋል» አሉ። ለምርቃቴ ማለታቸው መስሎኝ ከልቤ ተደሰትኩ።

በቀኑ መስፍን ሥራውን ትቶ በታክሲው ወሰደኝ። ጋሼ ይማምም ለፋብሪካቸው ሲክ ነኝ፣ አሞኛል ብለው ደውለው አብረውን መጡ። ኮሌጁ ግቢ ውስጥ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብለው ጠበቁኝ፤ ሚኒስትር ያጀቡ ነው የሚመስሉት።

ጠያቂዎቹ ሁለት ነበሩ፦ ማርጋሬት የምትባል ጸጉሯ የሸበተ ወይዘሮና አንድ ራሰ በራ ባለ መነጽር ሰውዬ። መጀመሪያ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ። ያቺን ክሊኒክ እንዲያ ሆና አይቻት አላውቅም፤ በአፌ ገነባኋት። ሰውዬው ራሱን እየነቀነቀ ይጽፋል፣ ማርጋሬት ፈገግ ትላለች። በልቤ ለእናቴ ደውዬ ጨርሻለሁ።

ከዚያ ማርጋሬት፣ አሁን ደግሞ ከሰው ጋር እንዴት እንደምትነጋገር እናያለን አለችኝ። በሩን ከፍታ የምትገባ ሴት ተዋናይ አለች፤ ቤቲ እንበላት፣ ጎረቤትህ ናት፣ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ሆስፒታል ሰንብታ መመለሷ ነው። ሚሊ የምትባል ድመቷን አንተ እንድትጠብቅላት ሰጥታህ ነበር። ዛሬ ጠዋት ሚሊን መኪና ገጭቷት ሞተች። ንገራት።

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። በእኛ አገር የሞተ ድመት በጭራው ተይዞ ገደል ይወረወራል እንጂ ማን ለማን ይናገራል? ይሄማ ቀላል ነው ብዬ ተመቻቸሁ።

ሴትዮዋ ገባች። ትንሽ ቦርሳ ይዛለች፤ የሹራቧ አንድ ቁልፍ ወልቋል። እርጅናዋ የእናቴ እርጅና ነው። አየችኝና ፊቷ በራ፤ «ሚሊዬስ የታለች?» አለችኝ።

በዚህ ጊዜ የሆነው ነገር ከእኔ ቁጥጥር ውጭ ነበር። አፌ ተከፈተና አያት ቅድመ አያቶቼ በየተራ ይናገሩበት ጀመር።

«እንኳን ደህና መጡ» አልኳት። «ለመሆኑ ምሳ በልተዋል?»

አልበላሁም፣ ሚሊን ልያት አለች። ደህና ናት፣ ትንሽ አሟት ነው እንጂ አልኩ። ምን ሆነች ስትል፣ ብርድ ሳይሆን አይቀርም አልኳት። ከዚያ ልጅ እንዳላት፣ ወንድም እህት እንዳላት፣ በሰፈሩ የሚከበር ሽማግሌ ይኖር እንደሆነ ጠየቅኳት። ራሰ በራው ብዕሩን አስቀመጠ። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት፣ ያለችበት ውሰደኝ አለች። ዛሬ አይመችም፣ ተኝታለች አልኩ። እርስዎ ብቻ ዛሬ ጥሩ እራት በልተው ይደሩ፤ ነገ በማለዳ ከሰዎች ጋር ሆኜ እመጣለሁ አልኳት።

«ሞታ ከሆነ ንገረኝ» አለች ቀስ ብላ።

«ኧረ አያሟርቱ!» አልኩ።

ማርጋሬት በቃ አለች። ሴትዮዋ ስትወጣ ዞር ብላ አየችኝ፤ ድመቷ በእርግጥ ስለመሞቷ እሷም ሳትጠራጠር አልቀረችም።

«አምስት ጊዜ ጠየቀችህ» አለችኝ ማርጋሬት። «ለምን አልነገርካትም?»

እንግዲህ ሰው ሲወድቅ ዝም ብሎ ቢወድቅ ምን አለበት። እኔ ግን ተነስቼ ማስተማር ጀመርኩ። እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ እንደ ዜና አይወረወርም አልኳቸው። መርዶ የሚነገረው ሰው በልቶ ማደሩ ይታያል። የተያዘ ጉዳይ ካለው እስኪጨርስ ይጠበቃል። ዘመድ ወዳጅ ይሰበሰባል፣ አንደበቱ የለዘበ ሽማግሌ ይመረጣል፣ በማለዳ ይኬድና ሰው ከብቦት ይነገረዋል። ብቻውን የሚረዳ ሰው የለንም። ራሰ በራው ከልቡ ነበር የሚሰማኝ።

ማርጋሬትም፣ «ለአንተስ ቢሆን?» አለች። «ሁሉም ሰው እያወቀ አንተ ብቻ ባታውቅ፣ እየሳቅክ ብትውል፣ ደስ ይልሃል?»

«አመሰግናቸዋለሁ» አልኳት ደረቴን ነፍቼ። «ስለወደዱኝ ነው የሚደብቁኝ።»

ሌላው ሁሉ ጥሩ ነው፣ ይሄኛው ግን አላሳመነንም አለችኝ። እስከሚቀጥለው ሳምንት ሰው እየጠየቅን ስለሆነ ተመለስና አንዴ ደግመህ ሞክር፤ እስከዚያ አስብበት አለች።

ታክሲው ውስጥ ገብቼ ሳቄን ለቀቅኩት። የድመት መርዶ ላረዳ ነበርኮ ብዬ እያንዳንዷን ነገር ተረክኩላቸው፤ የእራቱን፣ የሽማግሌውን፣ ትንሽ አሟት ነው ያልኩትን። ማንም አልሳቀም። መስፍን መሪውን ጨብጦ ወደፊት ያያል። ፈተናው ወደሚቀጥለው ሳምንት መተላለፉን ስነግረው «ጌታ ሆይ» አለና ግንባሩን መሪው ላይ አሳረፈ። ስለወደቅኩ ያዘነልኝ መሰለኝ።

ጋሼ ይማም ከኋላ ወንበር፣ «ለአንተስ ቢሆን ሲሉህ ምን አልክ?» አሉኝ።

«አመሰግናለሁ አልኩ።»

«እንዲያ አልክ?»

«አልኩ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ማታ ክትፎ መጣልኝ። በላሁ፤ ደግሜ በላሁ። ጥሩ እንቅልፍም ወሰደኝ።

በማለዳ የነቃሁት በኮሪደሩ ላይ በሚወልቅ ጫማ ድምፅ ነው። አንድ ጫማ አይደለም፣ ብዙ ነው። በሩን ከፍቼ ብወጣ ሳሎኑ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል፤ የቸርቹም፣ የመስጊዱም፣ የማላውቀውም ሰው ምንጣፉ ላይ ተቀምጧል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ትናንት ነጭ ፊት ቆሜ እየዘረዘርኩ ያስተማርኩት ነገር በሙሉ፣ አንድም ሳይጎድል፣ ቤቴ ውስጥ ተቀምጧል። እኔ ግን ምን አልኩ መሰላችሁ? «ምነው፣ ገናኮ አልወደቅኩም!» ብዬ ቀለድኩ።

ጋሼ ይማም ተነስተው እጄን ያዙኝ። መስፍን ከኋላዬ መጥቶ ቆመ።

«ልጄ፣ ትናንት ለፈረንጆቹ ያልከው ትዝ ይልሃል?»

ያኔ ገባኝ። መስፍን ከኋላ ደገፈኝ።

«እናትህ አርፈዋል።»

«መቼ?» አልኩ።

«ለመስቀል።»

«አርባዋስ?»

ጋሼ ይማም አንገታቸውን ደፉ። «ወጥቷል» አሉ።

አመሰግናቸዋለሁ ብዬ ነበር አይደል? አላመሰገንኳቸውም። የወጣኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። ማን ሥልጣን ሰጣችሁ አልኳቸው። እናቴ አፈር ለብሳ እኔ ክትፎ ስበላ፣ የእናንተን እንባ ለፈተናዬ ነው ብዬ ስኮራ፣ እንዴት አያችሁኝ አልኳቸው። መስፍን እያለቀሰ፣ ሌላ ሳምንት መደበቅ እንዳቃተው፣ የስልኩንም ገመድ ራሱ እንደቆረጠው ነገረኝ። ያልተበላሸውን ተበላሸ ብሎ እንዳይዋሽ ነበር የቆረጠው። ይሄን ስሰማ ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣብኝ፤ የትኛው እንደቀደመ አላውቅም። ከዚያ አለቀስኩ። እነሱም ለሳምንታት የያዙትን አለቀሱ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ለቅሶ ብቻዬን አልችለውም ነበር። ያም ሆኖ ንዴቴ አልበረደም። እስከ ዛሬም ሁለቱም አብረውኝ አሉ።

በሳምንቱ ጥቁሩን ልብስ ለበስኩ። ጋሼ ይማም ሱሪውን አሳጥረው ጨርሰውታል፤ ለካ ያኔውኑ ነበር የጨረሱት። ጺሜን ሳልላጭ ኮሌጁ ሄድኩ። መሄድ አልፈለግኩም ነበር፤ ማን አለኝና «ያዝኩ» ልለው? መስፍን ነው የመኪናውን በር ከፍቶ የጠበቀኝ።

ማርጋሬት አየችኝና ደህና ነህ ወይ አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት፤ ልማድ አይለቅም።

ሴትዮዋ ገባች። ያው ቦርሳ፣ ያው ቁልፉ የወለቀ ሹራብ። «ሚሊዬስ?» አለች።

ወንበር ስቤ አስቀመጥኳትና አጠገቧ ተቀመጥኩ። «የምነግርዎት ክፉ ነገር ነው» አልኩ። «ሚሊ ሞታለች። መኪና ገጭቷት ነው።»

ቀጥሎ የምትለው ነገር ቀድሞ የተሰጣት ይመስለኛል፤ «መቼ?» አለች።

«ዛሬ ጠዋት» አልኩ። «እንዳወቅኩ ወዲያው ነው የመጣሁት። አልተቀበረችም፤ እርስዎን እየጠበቅን ነው።»

ይሄን ተናግሬ እኔው በልቅሶ ፈነዳሁ። ማልቀስ አይደለም፣ እየተንሰቀሰቅኩ ነው። ከሐበሻ ወገን በሰው ፊት ለድመት እንዲህ ያለቀሰ ከእኔ በፊት ያለ አይመስለኝም። ሴትዮዋ ትወናዋን ትታ ከቦርሳዋ መሐረብ አወጣችና ትከሻዬን ትደባብሰኝ ጀመር። ራሰ በራው መነጽሩን አውልቆ ይወለውላል። ማርጋሬት ከወንበሯ ተነስታ ውሃ ሰጠችኝ፤ እስክረጋ ጠብቃ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «ስንት ጊዜ ጠይቀሃቸው ነበር?» አለችኝ። አልቆጠርኩትም አልኳት።

መስፍን የስልኩን ገመድ ቀጠለው። ከቀጠለው በኋላ መጀመሪያ የደወለችው ማርጋሬት ናት፤ ተቀብለንሃል አለችኝ። አመሰግናለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ከልማዴ የወልዲያውን ሱቅ ቁጥር መምታት ጀመርኩ። ግማሹ ላይ ስደርስ ትዝ አለኝና አስቀመጥኩት።

ከዚያ ወዲህ ነርስ ሆኜ አርጅቻለሁ። እንግዲህ እናንተ አንባቢዎቼ፣ ፈረንጆቹ ልክ ናቸው፣ እኛ ተሳስተናል እንድላችሁ የምትጠብቁ ካላችሁ አልልም። በስልክ ተነግሮት ባዶ ቤት ውስጥ ብቻውን ወለል ላይ የተቀመጠ ፈረንጅ ስንቱን አይቻለሁ፤ ያንን ለጠላቴም አልመኝም። ግን የሰው ሐዘን የራሱ ነው። አርባው ወጥቶ የሚደርሰው ሰው የተረፈ ሐዘን ነው የሚበላው። ከሁለቱ የትኛውን እንደምመርጥ ለረጅም ጊዜ ግራ ሲገባኝ ኖሬ፣ አንድ ቀን መምረጥ መጣብኝ።

የጋሼ ይማም ታናሽ ወንድም ደሴ ላይ አረፉ። ወሬው ሥራ ቦታ ድረስ መጣልኝ፤ ዶክተር፣ ጋሼ አርጅተዋል፣ ልባቸውም ደካማ ነው፣ ቀስ ብለን እናስብበት ተባልኩ። አላሰብኩበትም። ከሆስፒታሉ አስፈቅጄ ወጣሁ፤ መስፍንንና ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ጠርቼ ቀኑ ገና ሳይመሽ በራቸውን አንኳኳን።

ጋሼ በሩን ከፍተው የተሰለፍነውን አዩ። «በዚህ ሰዓት?» አሉ። ዕድሜ ልካቸውን መርዶ ያረዱ ሰው ናቸው፤ በማለዳ ነበር የሚጠብቁት።

እጃቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸውና ወንድምዎ አርፈዋል አልኳቸው።

«መቼ?»

«ሌሊቱን ነው ጋሼ። እኔም የሰማሁት አሁን ነው።»

«ታዲያ አልቀበሩትም?»

«እዚያ ገና ጠዋት ነው፤ እያጠቧቸው ነው።»

ጋሼ ይማም እንባቸው በጺማቸው ላይ እየወረደ ከወንበራቸው ለመነሳት ታገሉ፤ ደገፍኳቸው። ውሃ አምጡልኝ አሉ። ለወንድማቸው ሊሰግዱ ውዱእ አደረጉ፤ ውሃውን እኔ ነበርኩ የማፈስላቸው። መስገጃቸው ላይ ከመቆማቸው በፊት ዞረው አዩኝ።

«ደረስኩለት» አሉ። «አመሰግናለሁ ልጄ።»

እኔ ለእሳቸው ያላልኩትን ነው ያሉኝ። እሳቸው ሰግደው እስኪጨርሱ እኛ ከኋላቸው ተቀምጠን ጠበቅን።